ደረቱን የደቃው ሰው

ቀን ነው። ሳቬሊዮ ቀን መሆኑን የሚያውቀው በጆሮው ነው፤ ከታች የበረዶ መጥረጊያው መኪና አስፋልቱን እየፋቀ ሲያልፍ ይሰማዋል፣ ከጎረቤት የሕፃናት ፊልም ዘፈን ይመጣል፣ መጋረጃው ግን ተዘግቷል፣ በመጋረጃው ላይ ብርድ ልብስ ተሰቅሏል፣ ማቀዝቀዣው ሲከፈት እንኳ እንዳይበራ አምፖሉን ፈትተው ወስደውበታል። ጭንቅላትህ ተመትቷል፣ ብርሃን አትይ ብላዋለች የቡድኑ ሐኪም፣ ቴሌቪዥን አትይ፣ ስልክ አትንካ፣ አታንብብ፣ ብዙ አታስብ። ብዙ አታስብ! በጨለማ ቤት ብቻውን የተጋደመ ሰው ከማሰብ በቀር ምን ሥራ አለው? ከእሁድ ወዲህ እንቅልፍ በዓይኑ አልዞረም። ዓይኑን በጨፈነ ቁጥር ያ ሰውዬ ይመጣል፤ ሰማያዊ ማሊያ የለበሰ፣ ጀርባው ላይ የሳቬሊዮ ስም የተጻፈበት ሰውዬ፣ ከወደቀበት ይነሣል፣ እንደ ሰካራም ይንገዳገዳል፣ ከዚያ ከእግሩ ሥር ሳይንቀሳቀስ በተዘረረው ሰው ላይ ቆሞ ደረቱን በቡጢ ይደቃል፣ አፉን ወደ ሰማይ ከፍቶ እንደ ድል አድራጊ ይፎክራል። ሳቬሊዮ ይህን ሰውዬ አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያየው፣ ሰኞ ጠዋት፣ በቡድኑ የፊልም ክፍል ውስጥ። «ያ ማን ነው?» ብሎ ጠየቀ። ምክትል አሰልጣኙ የሚቀልድ መስሎት ሳቀ፤ ቀና ብሎ ፊቱን ሲያየው ግን ሳቁን ዋጠና ሐኪሟን ሊጠራ ሮጠ።

የሚያስታውሰው እስከ ሣሩ ድረስ ነው። ከጨዋታው በፊት ላውቲ በሜዳው መሐል መጥቶ አቀፈው። ላውቲ የተጋጣሚው የአሜሪካ እግር ኳስ ቡድን ኳስ ተቀባይ ነው፣ ያገሩ ልጅ፣ በቱቱኢላ ደሴት ከተራራው ማዶ ካለው መንደር፣ በትምህርት ቤት ቡድን ሲጋጩ አንዱ የሌላውን ጥርስ ያወለቀ። የተሰዳደቡት በሳሞአ ቋንቋ ነበር፤ አጠገባቸው የነበሩት ፈረንጆች ጸሎት የሚያደርሱ መስሏቸው አንገታቸውን ደፉላቸው።

«ወፈርክ አንተ» አለው ላውቲ፣ «ከተራራው በናንተ በኩል ያለ ሰው ሲያረጅ አሳማ ይመስላል ሲሉ እሰማ ነበር፣ ለካ እውነት ነው።»

«በናንተ በኩል ያለውማ መች ያረጃል፣ ሳያረጅ ወሬ ይጨርሰዋል።»

«ዛሬ እናቴ እየጸለየችልኝ ነው።»

«እኔ እናት የለኝም፣ ለኔም ጨምራ ትጸልይ በላት።»

«ነግሬያታለሁ። ላንተ የምትጸልየው እግርህ እንዲተሳሰር ነው!»

ከጨዋታው በኋላ እዚህ ቤት መጥቶ ሊበላ ተቀጣጥረው ነበር። ሳቬሊዮ ከተማውን አስሶ ጎደሬ አግኝቷል፣ የኮኮናት ወተትም ገዝቷል፤ ጎደሬው አሁንም ወጥ ቤቱ ወለል ላይ ከነአፈሩ በከረጢት ተቀምጧል፣ በጨለማ ውስጥ ሽታው ይመጣል፣ የእናቱ ጓሮ ዝናብ ሲመታው የሚሸት ሽታ። ከዚያ ወዲህ ያለው ሣሩ ነው። ሣሩን ያያል፣ የላውቲ ጉልበት ወደ ውስጥ ሲዞር ያያል፣ አሃ ወደ መሐል ሊቆርጥ ነው ብሎ ያስባል፣ እግሩ ከሐሳቡ ቀድሞ ይነሣል፣ ከዚያ ነጭ ነው። ነጭ ብቻ። ከነጩ ማዶ የአምቡላንስ መብራት አለ፣ አንገቱ የታሰረ ሰው በቃሬዛ ይሄዳል፣ ተንበርክከው የሚያለቅሱ ግዙፍ ወንዶች አሉ፤ በነጩ ውስጥ የሆነውን ግን ሰባ ሺህ ሰው በስታዲየም አይቶታል፣ ደሴቲቱ በሙሉ ለቤተ ክርስቲያን ነጭ ልብሷን ለብሳ ከቴሌቪዥን ፊት ተቀምጣ አይታዋለች፤ ያላየው እሱ ብቻ ነው።

ላይንባከር ነው፣ ተከላካይ። ሌላ ሥራ አያውቅም። ከፊት ከቆሙት ግንብ ከሚያካክሉት ሰዎች ኋላ ይቆማል፣ ኳሷ ወዴት እንደምትሄድ ከሌላው ቀድሞ ያሸታል፣ የያዛትን ሰው ሄዶ መሬት ላይ ያስተኛል፤ ተነሥቶ ይመለሳል፣ እንደገና ያስተኛል። ይህን የተማረው ድንጋይ ካልተለቀመ በቀር መውደቂያ በሌለው ሜዳ ላይ ነው፤ ሄልሜቱ ለሁለት አንድ ነበር፣ የወጣው ለሚገባው ሲያቀብለው ውስጡ በላብ እንደ ሾርባ ይሞቅ ነበር። አሥራ ስምንት ዓመት ሲሞላው አንድ ፈረንጅ መጥቶ ትከሻውን በእጁ ለካና «ይሄን ልጅ እወስደዋለሁ» አለ፤ አባቱ አፔሉ ከቱና ዓሣ ፋብሪካው ከነሽታው መጥቶ በፊርማው ቦታ ላይ ስሙን በዝግታ ጻፈ፣ መንደሩ አሳማ አረደ፣ ቄሱ በሳቬሊዮ ትከሻ ላይ እጁን ጭኖ ረጅም ጸሎት ጸለየ። የደረሰበት አገር በረዶ ነበር፣ ሜዳ ብቻ ነበር፣ ተራራም ባሕርም የሌለው አገር፤ ሰው ስሙን መጥራት ስላቃተው «ሳቭ» አለው፣ እሱም እሺ አለ። ከዚያ ወዲህ ሦስት ቡድን፣ ሦስት ከተማ፣ ሦስት መጋረጃው የማይመሳሰል አፓርታማ። ትከሻው ውስጥ ብሎን አለ፣ የቀኝ እጁ ሁለት ጣቶች አይታጠፉም፣ ጠዋት ከአልጋ ሲወርድ እንደ አሮጌ በር ይንቋቋል። ደሴቲቱ ላይ ግን ፊቱ በአውቶቡስ ጎን ተስሏል። ተመልሼ ልምጣ ቢል ማን ያምነዋል? ፊቱ በአውቶቡስ ላይ የተሳለ ሰው ተመልሶ ጎደሬ አይተክልም።

ስልኩ ከትራሱ ሥር ይነዝራል። ሐኪሟ አትንካ ብላው ነበር፣ ነካው። ዳረን ነው፣ ወኪሉ፣ ውሎቹን ሁሉ የሚዋዋልለት፣ የገናን ቀን ከልጆቹ ጋር እንዲያሳልፍ በየዓመቱ የሚጋብዘው ሰው።

«ሳቭ፣ ወንድሜ። አትመልስልኝ፣ ጭንቅላትህን አታድክም። ዝም ብለህ ስማኝ።»

«ሆስፒታል ልሄድ ነው።»

«አትሄድም።»

«ከድልድዩ ማዶ ነው ያለው ዳረን። መስኮቱን ብከፍት ሕንፃው ይታየኛል።»

«መስኮቱን አትክፈት። ስማ፣ ምቱ ንጹሕ ነው፣ ዳኛው ፊሽካ እንኳ አልነፋም። አንተ ሄደህ ይቅርታ ካልክ ግን ያን ጊዜ ያጠፋህ ትሆናለህ። ይቅርታ የምትለዋን ቃል የሱ ጠበቆች በክፈፍ ነው የሚሰቅሏት። ቡድኑም አትናገር ብሏል፣ እኔም አትናገር እልሃለሁ።»

«በኛ አገር ያጠፋ የሚባለው ይቅርታ ያላለው ነው።»

«አንተ ያለኸው እኛ አገር ነው» አለው ዳረን። ክፋት አልነበረበትም፤ ለወዳጁ መንገድ እንደሚያሳይ ሰው ነው ያለው፣ ይህ ነው የባሰው።

በየጠዋቱ ትንሽ የእጅ ባትሪ የያዘ ባለሙያ ይመጣል፣ ዓይኑን ያበራበታል፣ ወራቱን ከኋላ ወደ ፊት ቁጠርልኝ ይለዋል። ዲሴምበር፣ ኖቬምበር። ሳቬሊዮ እየቆጠረ ያስባል፤ ካለፍኩ እሁድ ያንን ማሊያ ለብሼ ደረቱን የደቃውን ሰውዬ ሆኜ እወጣለሁ፣ ከወደቅሁ ይህ ጨለማ ይቀጥላል፣ ጨለማው ሲረዝም ሌላ ላይንባከር ያመጣሉ፣ እኔን በር ያሳዩኛል። በሁለቱም በር ቢወጣ የሚገባው አንድ ክፍል ውስጥ ነው። ኦክቶበር ላይ ሲደርስ ይቆማል። ማስታወስ አቅቶት ይሁን አልፈልግም ብሎ፣ እሱ ራሱ አያውቅም።

አባቱ ከጨዋታ በኋላ ሁልጊዜ ይደውላል፤ የሚለውም አንድ ነገር ነው፣ «አጥንትህ ደህና ነው?» ይላል፣ ደህና ነው ሲባል ስልኩን ለእህቱ ለማሲና ይሰጣል። በዚህ እሁድ አልደወለም። ሰኞም አልደወለም። ሳቬሊዮ በጨለማው ውስጥ ስልኩን ደረቱ ላይ አድርጎ ጠበቀ፤ ልጅ ሳለ የማታ ጸሎት ደወል ተደውሎ እሱ ገና ከባሕር ሳይመለስ ሲቀር አባቱ ደጃፍ ላይ ቆሞ ዝም ብሎ እንደሚጠብቀው ዓይነት ዝምታ ነው፣ ዱላው ከመምጣቱ በፊት ያለው ዝምታ። ማክሰኞ ደወለ። ስለ አጥንቱ አልጠየቀም።

«ምቱ የጨዋታው ነው» አለ አፔሉ። «ለምቱ ማንም አይጠይቅህም። ደረትህን የደቃኸውስ? እሱ የማን ነው?»

«አባባ፣ አላስታውሰውም። እኔ አልነበርኩም። ራሴን አላውቅም ነበር።»

«አንተ አታስታውስ ይሆናል። አገር ያስታውሳል። የሳሎቴን ልጅ ከእግርህ ሥር አጋድመህ ስትፎክር ሳሎቴ አይታሃለች።»

«ምን ላድርግ ታዲያ? አውሮፕላን መሳፈር ተከልክያለሁ፣ ጭንቅላትህ አይችለውም አሉኝ፣ ከቤት መውጣት—»

«አንተን ምን አልኩህ?» አለ አባቱ። «ነገ ጎህ ሳይቀድ ከወንድሞቼ ጋር ተራራውን አቋርጠን እንሄዳለን። ከደጃቸው እንቀመጣለን።»

ሳቬሊዮ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። በልጅነቱ አንድ ጊዜ አይቷል። የበዳይ ወገን ሽማግሌዎች ማገዶና ድንጋይ ቅጠልም ይዘው፣ ከፈለጋችሁ እኛኑ ጋግራችሁ ብሉን ለማለት፣ ሴቶች ወራት ሙሉ ከቅጠል የጎነጎኑትን ጥሩ ምንጣፍ ከራሳቸው በላይ ተከናንበው ከተበዳይ ደጅ መሬት ላይ ይቀመጣሉ። የተበዳይ ወገን ወጥቶ ምንጣፉን ከገለጠ ታርቋል። ካልገለጠ ይቀመጣሉ። ያን ጊዜ የበደለው ሰው ራሱ ከመሐል ሆኖ ከምንጣፉ ሥር ነበር፤ እግሩ ሲንቀጠቀጥ ሳቬሊዮ ከዛፍ ላይ ሆኖ አይቷል፣ በቤቱ ደረጃ ላይ ደግሞ ቆንጨራውን በድንጋይ የሚስል ወጣት ተቀምጦ ነበር፣ እየሳለ፣ ዝም ብሎ እየሳለ።

«አባባ ጉልበትህ» አለ። «ጉልበትህ አይችልም።» ስልኩ ተዘግቶ ነበር።

እና አሁን ረቡዕ ነው፣ እዚህ ረፋድ ላይ ነው፣ እዚያ ገና አልነጋም፣ ማሲና መንገድ ዳር በቆመ መኪና ውስጥ ሆና ስልኩን ከአፏ አስጠግታ ታንሾካሹካለች፣ የዶሮ ጩኸት ይሰማል፣ ዝናብ በመኪናው ጣራ ላይ ይሰማል።

«ተቀምጠዋል» ትላለች። «አባባ ከመሐል ነው። ምንጣፉ ርሷል። የቤቱ መብራት በርቷል፣ ሰዎች ውስጥ ሲሄዱ ይታየኛል፣ የሚወጣ ግን የለም። ውሻው መጥቶ አሸተታቸው። ወንድሜ፣ ተንበርክኳል እኮ፣ ሌሎቹ ተቀምጠዋል፣ እሱ ተንበርክኳል።»

«እንዲቀመጥ ንገሪው።»

«እንዴት አድርጌ ነው የምነግረው? ከምንጣፍ ሥር ላለ ሰው ይናገሩታል?»

ስልኩን አልዘጋም። ጎኑን ለግድግዳው ሰጥቶ ተጋደመ፣ ዝናቡን ሰማ። ዝናቡ የዚያ ዝናብ ነው፣ የመኪናውም ጣራ የአጎቱ አሮጌ መኪና ጣራ ነው፣ በግራ በኩል የበሰበሰው፣ ከኋላ ተጭነው ወደ ሜዳ ሲሄዱ በቀዳዳው ጣቱን ያስገባበት የነበረ። አባቱ ያን ጊዜ ጉልበቱ ደህና ነበር፤ ከፋብሪካው ቆሞ ውሎ ሲመለስ ልጁ እንዲገፋው ትራስ ደረቱ ላይ አስሮ ይቆምለታል፣ ግፋኝ ይለዋል፣ ሳቬሊዮ ይገፋዋል፣ አባቱ ወድቆ እየሳቀ ይነሣል፣ እንደገና ግፋኝ፣ እንደገና ይወድቃል፣ እናቱ ከበሩ ሆና ሽማግሌውን ልትገድለው ነው ወይ ትላለች። ስንት ጊዜ ጣልኩት? ሰው መጣል የተማርኩት አባቴን በመጣል ነው። አሁን ደግሞ ሳልነካው ጣልኩት፣ ውቅያኖስ ማዶ ሆኜ።

«መጣ» አለች ማሲና በድንገት። «አጎትየው ወጣ። የላውቲ አጎት፣ አለቃቸው። ጃንጥላ ይዞ ነው። ዝም በል፣ መስኮቱን ልከፍት ነው።»

የሽማግሌ ድምፅ ከሩቅ መጣ፣ ዝናቡ እየቆራረጠው፣ የሸንጎ ቃል እየመረጠ።

«አፔሉ፣ አውቄሃለሁ። ዕድሜህን አክብረን ተነሣ እንልሃለን። ወንድሞችህም ይነሡ፣ ይግቡ፣ ቁርስ አለ። ምንጣፉን ግን አልገለጥኩትም። ከሥሩ የማየው የሽማግሌ እግር ነው። ደረቱን የደቃው እጅ የታለ?»

ከዚያ የአባቱ ድምፅ፣ ከምንጣፉ ሥር፣ የታፈነ።

«ወንድሞቼ ይግቡ። እኔ ልጄ እዚህ ሥር እስኪገባ ድረስ አልወጣም።»

«ልጅህ አሜሪካ ነው፣ አፔሉ።»

«ይሁን። እጠብቀዋለሁ።»

ማሲና ማልቀስ ጀመረች። «ሰማህ? ሰማኸው? ሌሎቹ ተነሡ፣ እሱ አልተነሣም። ወንድሜ፣ ይሞትብናል። አንድ ነገር አድርግ። እማማ የሰጠችህ ምንጣፍ አለ አይደል? የት አደረግከው?»

የት እንዳደረገው ያውቃል። ከአገሩ ሲወጣ እናቱ ጠቅልላ በአሮጌ አንሶላ አስራ ሰጥታው፣ ከከተማ ከተማ እንዳሰረችው አብሮት የዞረ፣ አንድም ቀን ፈትቶት የማያውቅ፤ ለሠርግህ ብላው ነበር። ከቁም ሣጥኑ ላይ አወረደው። ቆሞ ሲሄድ ወለሉ እንደ ጀልባ ተናጠ። በሩን ሲከፍት የኮሪደሩ መብራት ዓይኑ ውስጥ እንደ ሚስማር ገባ፣ ግድግዳውን ይዞ ቆመ፣ ሊያስመልሰው ነበር፣ ዋጠው። የጓሮውን በር ተጠቀመ፤ ከፊት በኩል ጋዜጠኞች በመኪናቸው ውስጥ ቡና እየጠጡ ይጠብቁታል። ድልድዩን በእግሩ ተሻገረ፣ ኮፍያውን እስከ ዓይኑ ድረስ ደፍቶ፣ ጥቅልሉን እንደ ሕፃን ታቅፎ፤ በሐይቁ ላይ የሚነፍሰው ነፋስ ፊቱን ላጠው፣ ስልኩ በኪሱ ውስጥ ነዘረ፣ ዳረን ነው፣ ተወው።

ሆስፒታሉ በር ላይ ደረሰ። እንግዳ መቀበያው ላይ ያለችው ሴት ቀና ብላ አየችው፣ አወቀችው፣ ፊቷ ተለወጠ።

«የቤተሰብ አባል ነዎት?»

አዎ ሊል ነበር። በአገሩ አቆጣጠር ቢሄዱ ከአያት በላይ በሆነ ቦታ ይገናኛሉ፣ በዚያች ደሴት የማይገናኝ ሰው የለም። «አይደለሁም» አለ።

«በዝርዝሩ ላይ የሌለ ሰው ማስገባት አልችልም። አዝናለሁ፣ ጌታዬ። እርስዎን ደግሞ በተለይ…» አልጨረሰችውም።

ወጣ። አልተመለሰም ግን። ከበሩ ፈንጠር ብሎ፣ የሰው መንገድ በማይዘጋበት፣ በረዶው ላይ ተንበረከከ። የእናቱን ቋጠሮ በማይታጠፉት ጣቶቹ መፍታት ስላቃተው በጥርሱ ፈታው። ምንጣፉ ሲዘረጋ እንደ ሐር ልስልስ ነበር፣ ጠርዙ ላይ ቀይ ላባ ነበረው፤ በራሱ ላይ ጎተተው፣ ጨለመ። የመጀመሪያው ደግ ጨለማ ነበር። ስልኩን ከጆሮው ጋር አደረገ። «ማሲና፣ ገብቻለሁ በይው» አለ። ለአባቱ ይሁን ለአጎትየው ወይም ለሁለቱም ትንገር ማለቱ እንደሆነ አላብራራም።

የጥበቃ ሠራተኛ መጣ። ጫማውን ያየዋል፣ ትልቅ ጥቁር ቦት። «ጌታው፣ እዚህ መቀመጥ አይፈቀድም። ያምዎታል? ሐኪም ልጥራ?»

«አያመኝም። እጠብቃለሁ።»

«ማንን?»

«የሚገልጠኝን።»

ጥበቃው ወዲያ ወዲህ አለ፣ በሬዲዮው አንድ ነገር አወራ፣ ሰዎች ቆሙ፣ ስልክ ተነሥቶ ፎቶ ሲነሣ ጠቅ ጠቅ ይላል፣ አንድ ሰው የሳቬሊዮን የማሊያ ቁጥር ጠርቶ «እሱ ነው እኮ!» አለ፣ ሌላ ሰው ሳቀ። ብርዱ ከጉልበቱ ተነሥቶ ወገቡ ደረሰ። እዚያ ዝናብ ነው፣ እዚህ በረዶ ነው፣ አባትና ልጅ በአንድ ሰዓት ተንበርክከዋል፣ እና ሳቬሊዮ በዓመታት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ከአባቱ ጋር ያለ መሰለው፣ ይህም አስለቀሰው፣ እንባው አፍንጫው ሥር ቀዘቀዘ።

ከዚያ ሌላ እግር መጣ። ነጠላ ጫማ። በነጠላ ጫማው ውስጥ ድርብ ካልሲ፣ ከሆስፒታል የሚሰጥ ዓይነት፣ በረዶው አርጥቦታል። እግሩ ቆመ። ሳሎቴ ናት፣ የላውቲ እናት፤ ሌላ ማን በዚህ ከተማ በበረዶ ላይ ነጠላ ጫማ ያደርጋል? በትናንቱ አውሮፕላን የመጣች ናት። ቆማ ቆየች። ከዚያ ሄደች። በረዶው ላይ ሺፕ ሺፕ ሲል ሰማ፣ በሩ ሲከፈትና ሲዘጋ ሰማ። ገባች። ሳቬሊዮ ግንባሩን መሬት ላይ ደፋ። እሺ፣ አለ፣ እሺ፣ ይገባታል።

ወገቡን መስማት ባቆመበት ጊዜ በሩ እንደገና ተከፈተ። ሺፕ ሺፕ። ምንጣፉ ከላዩ ተነሣ፣ ብርሃኑ መታው፣ ዓይኑን ሳይገልጥ በጥፊ ጉንጩን አለችው። ቀና ሲል የተጋጣሚው ቡድን ሰው ያዋሳት፣ እስከ ቁርጭምጭሚቷ የሚደርስ የተጫዋች ጃኬት ለብሳ ቆማለች።

«ይሄ ስለ ደረትህ ነው» አለችው።

«እማማ ሳሎቴ—»

«ዝም በል። ከንፈርህ ሰማያዊ ሆኗል። አባትህን የገደልኩት እኔ ነኝ እንድባል ነው? ደውዬ አስነሥቼዋለሁ፣ ገብቶ ሻይ እየጠጣ ነው፣ ጉልበቱን የኮኮናት ዘይት እየቀቡት ነው።» ምንጣፉን አራገፈች፣ ጠርዙን ከጠርዙ አገጣጥማ በሥርዓት አጠፈችው፣ ከብብቷ አደረገችው። «ግባ። ልጄ ይጠራሃል። እኔ ስለ ወደድኩ አይደለም።»

ክፍሉ ውስጥ ማሽን ብቻ ይተነፍሳል። ላውቲ ጭንቅላቱ በብረት ክፈፍ ታስሯል፣ ክፈፉ በብሎን ከግንባሩ ጋር ተያይዟል፣ እጆቹ ብርድ ልብሱ ላይ ሌላ ሰው እንዳስቀመጣቸው ተቀምጠዋል። የሚያየው ጣራውን ብቻ ስለሆነ ሳቬሊዮ እንዲታየው በላዩ ላይ ጎንበስ ማለት ነበረበት።

«ፊትህ ገርጥቷል» አለው ላውቲ። «ካንተና ከኔ የታመመው ማን ነው?»

«ላውቲ፣ እኔ—»

«ቆይ። እሱን እናቴ ጨርሳለች፣ በጥፊ ጨርሳለች አሉኝ። አንድ ነገር ንገረኝ። እንዴት ነበር? ማንም አይነግረኝም። ቴሌቪዥኑን ነቅለውታል። ሐኪሞቹን ስጠይቅ ስለ አከርካሪ ያወሩኛል። አንተ ንገረኝ፣ እዚያ ነበርክ።»

ሳቬሊዮ ሊዋሽ አሰበ፣ በፊልም ያየውን እንደሚያስታውሰው አድርጎ ሊናገር። «አላስታውስም» አለ። «ጉልበትህ ወደ ውስጥ ሲዞር አየሁ። ከዚያ ነጭ ነው።»

«ምንም?»

«ምንም።»

ላውቲ ሳቀ፤ ደረቱ ሳይንቀሳቀስ፣ ከጉሮሮው ብቻ። «እንግዲያ ሁለታችንም አልነበርንማ! ያ ሁሉ ሰው ነበር፣ እኛ ብቻ ነን የሌለነው።» ሳቁ ወዴት እንደሚሄድ ጠፍቶት ቆመ። «ደረትህን ደቃህብኝ አሉ።»

«ደቃሁ። ፊልሙን አይቻለሁ።»

«እኔ ብሆን እጨፍር ነበር።» ጣራውን አየ። «ግን ነውር ነው።»

«ነውር ነው።»

«እሁድ ትጫወታለህ?»

«አላውቅም። ወራቱን ቁጠር ይሉኛል።»

«እኔን ጣቴን አንቀሳቅስ ይሉኛል።» ማሽኑ ተነፈሰ። በመስኮቱ ከድልድዩ ማዶ የሳቬሊዮ ሕንፃ ይታያል፣ ብርድ ልብስ የተሰቀለበት መስኮትም ይታያል፤ ኪሱ ውስጥ ስልኩ እንደገና ነዘረ፣ ሁለቱም ሰሙት።

«ሳቬሊዮ» አለ ላውቲ። ሙሉ ስሙን፣ አገራቸው እንደሚጠራው።

«አቤት።»

«አፍንጫዬን ይበላኛል። ከጠዋት ጀምሮ። ነርሷን ማስቸገር ሰለቸኝ፣ እናቴ ደግሞ ስታክከኝ ታለቅሳለች።»

ሳቬሊዮ እጁን ዘረጋ፣ የማይታጠፉትን ሁለት ጣቶች ወደ ጎን አድርጎ፣ በብረቶቹ መሐል በጥንቃቄ አስገብቶ።

«ወደ ላይ። አይደለም፣ ከጎኑ። አንተ ሰውዬ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት እየሮጥኩ አግኝተኸኝ፣ አሁን ተኝቼ አፍንጫዬን ማግኘት አቃተህ?»

«እዚህ ጋ?»

«እዚያ ጋ። ቀስ።»

አከከለት። ላውቲ ዓይኑን ጨፈነ፣ ፊቱ ላይ ያለው ሁሉ ተፈታ፣ ከዓይኑ ጥግ ውኃ ወጥቶ ወደ ጆሮው ወረደ።

«አትተው» አለ። «እስክነግርህ ድረስ አትተው።»